የአሜሪካ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ሰርተፍኬት ኮፒ ለምታወጡ፦ የት ይጠየቃል፣ ስንት ይከፈላል፣ ስንት ኮፒ ይበቃል

አሜሪካ ውስጥ ለተወለደ ልጅ የልደት ሰርተፍኬት የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። ፓስፖርቱንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን እሱ ይሰጣል፤ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍቺን መዝግበው ሕጋዊ ኮፒ የሚያወጡት ግን ስቴቶቹ ናቸው። ሁሉም የየራሱ ሕግ፣ የየራሱ ፎርም፣ የየራሱ ዋጋ አለው። ሃምሳው ስቴት፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አምስቱ ግዛቶች፣ በዚያ ላይ ደግሞ ከኒውዮርክ ስቴት ተነጥላ መዝገቧን ለብቻዋ የምትይዘው ኒውዮርክ ከተማ ሲደመሩ 57 መዝጋቢዎች ይሆናሉ። ስለዚህ «በርዝ ሰርተፍኬት ለማውጣት ስንት ነው?» ስባል መልሴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፦ ልጁ የት ተወለደ?

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። ከማዋለጃ ክፍል እስከ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እየተጠራሁ እሄዳለሁ። ሥራዬ ከሐኪሙ የተባለውን ለበሽተኛው፣ ከበሽተኛው የተባለውን ለሐኪሙ ማድረስ ነው። የወረቀቱ ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ በሰው በሰው ተጠያይቆ ይደርሰኛል። «እህቴ፣ ካርዱ መጥቷል፤ የልደቱ ወረቀት ግን እስካሁን አልመጣም» የሚል ስልክ በየጊዜው ይደወላል።

አይመጣም። በአብዛኛው ስቴት ካላዘዛችሁትና ካልከፈላችሁበት የልደት ሰርተፍኬት ቤታችሁ አይላክም። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ የሚመጣው ሆስፒታል በሞላችሁት ፎርም ላይ «ቁጥር ይውጣለት» በሚለው ተስማምታችሁ ስለነበር ነው፤ እሱ በነፃ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የተጠየቁ ስለሚመስል ሰው ወር፣ ሁለት ወር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የልጁ የእግር አሻራ ያረፈበት፣ በወርቃማ ክፈፍ ያሸበረቀው የሆስፒታሉ ወረቀትም ለማስታወሻ እንጂ ለምንም አያገለግልም። ፍሬም አስገብታችሁ ስቀሉት፤ ፓስፖርት ቢሮ ይዛችሁት አትሂዱ።

ዋናውን ገንዘብ የሚያድነውም የሚያስወጣውም ያ በሆስፒታል የሚሞላው ፎርም ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

እናቲቱ ከወለደች በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ፣ የመዝገብ ሠራተኛዋ ባለ ብዙ ገጽ ፎርም ይዛ ትገባለች። ክፍሉ በጠያቂ ተሞልቷል፤ አጥሚት የያዘች አክስት አለች፣ አባት እንቅልፍ አጥቶ ቆሟል፣ ስልክ ይጮኻል። ፎርሙ ላይ «የእናት ስም፣ ከመጀመሪያ ጋብቻ በፊት የነበረው» የሚል ቦታ አለ። የኛ ሴቶች ሲያገቡ ስም ስለማይቀይሩ ጥያቄው ግራ ያጋባል፤ ባልየው የራሱን አባት ስም ሊያስገባ እጁን ሲዘረጋ አያለሁ። እዚያ የሚገባው የእናቲቱ ስም ከነአባቷ፣ ልክ በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ነው። የልጁን ስም በተመለከተም «ላስት ኔም» የሚለው ላይ የአባት ስም ይሁን ወይስ የአያት፣ ሠራተኛዋ ከመግባቷ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ። የመጀመሪያ ልጃችሁ በአያት ስም ተመዝግቦ ሁለተኛዋ በአባት ስም ከተመዘገበች፣ ወንድምና እህት መሆናቸውን በየትምህርት ቤቱ ስታስረዱ ትኖራላችሁ። ፎርሙን ከፈረማችሁ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን በብዙ ስቴቶች ማስተካከያው የራሱ ክፍያ አለው፣ የተስተካከለውን ኮፒ ለማግኘትም እንደገና ትከፍላላችሁ፣ ማስረጃም ትጠየቃላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ የካውንቲ ወይም የፍርድ ቤት የጋብቻ ላይሰንስ ካላወጣችሁ፣ በመዝገቡ ዓይን ያልተጋባችሁ ተደርጋችሁ ልትታዩ ትችላላችሁ። ያልተጋቡ ወላጆች ከሆኑ የአባት ስም የሚገባው ሁለቱም አባትነትን የሚያረጋግጠውን ፎርም ሲፈርሙ ነው። ፎርሙ ሆስፒታሉ ውስጥ አለ፤ እዚያው ፈርሙ። ባዶ የቀረ የአባት ቦታ በኋላ ሲሞላ ወጪውም ምልልሱም ሌላ ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ።

ወሳኙ ነገር የምትኖሩበት ቦታ ሳይሆን ጉዳዩ የተፈጸመበት ቦታ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ እየኖራችሁ ዲሲ ሆስፒታል ከወለዳችሁ መዝገቡ ያለው ዲሲ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ፌርፋክስ ሆስፒታል ቢያርፍ የሞቱ መዝገብ ቨርጂኒያ ነው። በኛ አካባቢ የፖቶማክን ድልድይ በቀን ሁለቴ ስለምንሻገር ይህ የምር ያሳስታል፤ ለተሳሳተው ቢሮ የተላከ ክፍያ ደግሞ በብዙ ቦታ ተመላሽ አይደለም።

ይህን ስጽፍ ቨርጂኒያ ለአንድ ኮፒ 12 ዶላር ታስከፍላለች፤ ልደትም ይሁን ሞት፣ ጋብቻም ይሁን ፍቺ ያው 12 ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ የልደቱ 23፣ የሞቱ 18 ዶላር ይሆናል። ቴክሳስ ለልደት 22 ዶላር፣ ጆርጂያ 25፣ ሲያትል ላላችሁት ዋሽንግተን ስቴት 25 ዶላር ይጠይቃሉ። ሚኒሶታ የልደቱ 26 ሆኖ የሞቱ ግማሹ፣ 13 ነው። ከነዚህ ሁሉ ርካሿ ፍሎሪዳ ናት፤ ከስቴቱ ቢሮ ልደት 9፣ ሞት 5 ዶላር ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ለተወለደ ወይም ለሞተ 15 ዶላር ሲሆን፣ ከከተማው ውጭ ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ከሆነ ለስቴቱ ቢሮ በፖስታ ሲጠየቅ 30፣ በኦንላይን ሲጠየቅ 45 ዶላር ነው። የሚገርመው እዚያው ኒውዮርክ ስቴት፣ ልጁ የተወለደበት ከተማ ወይም መንደር መዝጋቢ ዘንድ ብትሄዱ ያንኑ ሰርተፍኬት በ10 ዶላር ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ውድ ወደሆነው ይሮጣል።

ዋጋዎቹ በየስቴቱ ሕግና ደንብ የሚወሰኑ ስለሆኑ ይለወጣሉ። ቼክ ከመጻፋችሁ በፊት ሲዲሲ የሚባለው የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የየስቴቱን አድራሻና ክፍያ የያዘውን ዝርዝር ክፈቱ፤ ከዚያ ወደ ራሱ ወደ ስቴቱ ገጽ ያሻግራችኋል። ጉግል ላይ መጀመሪያ የሚመጣውን አትጫኑ። ንስርና ባንዲራ የለጠፉ፣ የመንግሥት የሚመስሉ፣ ፎርም ሞልተው ብቻ ብዙ ዶላር የሚቀበሉ የግል ገጾች አሉ። አድራሻው በ«ዶት ጎቭ» የሚያልቅ መሆኑን እዩ። ብዙ ስቴቶች የኦንላይን ትእዛዝ የሚቀበሉት ቫይታልቼክ በሚባለው የግል ድርጅት በኩል ነው፤ እሱ ከስቴቶቹ ጋር ተዋውሎ የሚሠራ ሕጋዊ ነው፤ ግን ከስቴቱ ዋጋ በላይ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራል፣ ፈጣን ፖስታ ከመረጣችሁ ደግሞ የፖስታውን። ካልቸኮላችሁ በፖስታ መላክ ወይም በአካል መሄድ ይረክሳል።

ቨርጂኒያ የተወለደ ወይም የሞተ ከሆነ ከሁሉ የሚቀለው መንጃ ፈቃድ የምታወጡበት ዲኤምቪ ነው። እዚያው ቆጣሪ ላይ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻ፣ ፍቺ ሁሉም ይወጣል፤ 14 ዶላር ነው፣ 12ቱ የጤና መሥሪያ ቤቱ፣ 2ቱ የዲኤምቪ። ሁለቷ ዶላር ፖስታውንና ጥበቃውን ታስቀራለች። ቀጠሮ ያዙና ሂዱ።

ክፍያው የፍለጋ ክፍያ ነው የሚባለውን ሰው አይሰማውም፤ እስኪደርስበት ድረስ። ስቴቱ ገንዘቡን የሚቀበለው መዝገብ ውስጥ ገብቶ ለመፈለግ ነው። ቢያገኝ ኮፒ ይሰጣችኋል። ባያገኝ ገንዘቡ አይመለስም፤ «በዚህ ስም መዝገብ አላገኘንም» የሚል ወረቀት ይላክላችኋል። ያንን ወረቀትም አትጣሉት፤ ኢሚግሬሽን ዘንድ ጉዳዩን በሌላ ማስረጃ ለማሳየት ስትሞክሩ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።

የማይገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለሌለ አይደለም። ፀሐይ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፈው ታውቃላችሁ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ የሚሉት ደግሞ አንዳንዴ ከቀጣዩ ጋር ይገጠማሉ፣ አንዳንዴ ይለያያሉ፤ ተለያይተው ከተመዘገቡ ሁለተኛው ክፍል ብቻውን «ላስት ኔም» ሆኖ ቁጭ ይላል። ማመልከቻ ስትሞሉ ዛሬ የምትጽፉበትን ሳይሆን ያን ጊዜ የተጻፈበትን አስገቡ። የድሮ የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል ቢል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ካለ ከዚያ ላይ ቅዱ። ፎርሙ ላይ ቦታ ካለ ሌላውን አጻጻፍም ጨምሩበት።

የምትሞሉት ሌላው ነገር ከባድ አይደለም፦ ሙሉ ስም፣ ቀን፣ ከተማና ካውንቲ፣ የሁለቱም ወላጆች ስም፣ ከባለ መዝገቡ ጋር ያላችሁ ዝምድና፣ ወረቀቱን ለምን እንደፈለጋችሁት። ያላለፈበት መታወቂያ ኮፒ ይያያዛል። ጊዜው ያለፈ መንጃ ፈቃድ አያይዛችሁ ከላካችሁ ፖስታው እንዳለ ይመለሳል። ቼክ ወይም መኒ ኦርደር እንጂ በፖስታ ጥሬ ገንዘብ አትላኩ፤ በማን ስም እንደሚጻፍ ፎርሙ ላይ ይነግራችኋል፣ እንዳለ ገልብጡት። ጎረቤት ወይም የነፍስ አባት ሄዶ አያወጣላችሁም፤ በብዙ ስቴቶች ባለቤቱ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ እህት ወይም ሕጋዊ ወኪል ነው የሚፈቀድለት። አጎት ነኝ የሚለው ብዙ ቦታ አይበቃም። ይህ የኛን ሰው በጣም ያናድደዋል፤ ልጁን ያሳደጉት አጎቱ ሆነው ሳለ። ግን ሕጉ አሳዳጊነቱን የሚያውቀው ከፍርድ ቤት ወረቀት ሲያይ ነው።

ካሊፎርኒያ ላይ አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። እዚያ ሁለት ዓይነት ሕጋዊ ኮፒ ይሸጣል፣ ዋጋቸው እኩል ነው። አንደኛው መብት ላለው ሰው የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው «ለመረጃ ብቻ፣ ማንነትን ለማረጋገጥ አያገለግልም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ፊቱ ላይ የታተመበት ነው፤ ማንም ሊገዛው ይችላል፣ ለፓስፖርት ግን አይሆንም። የመጀመሪያውን በፖስታ ለማግኘት ኖተሪ፣ ማለትም ፊርማ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው፣ ፊት የተፈረመ መሐላ ማያያዝ አለባችሁ። ኖተሪው ካሊፎርኒያ ውስጥ ለአንድ ፊርማ ከ15 ዶላር በላይ ሊያስከፍል አይችልም፤ ስለዚህ በጀታችሁ ላይ ይህንንም ደምሩ። መሐላው ካልተያያዘ መብት ላለው ሰው የሚሰጠውን አታገኙም።

በሌላውም ስቴት ቢሆን «ረጅሙን» ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ የልደት ሰርተፍኬት አጭርና ረጅም አለው፤ አጭሩ የወላጅ ስም ሊጎድለው ይችላል። ለአሜሪካ ፓስፖርት የሚቀበሉት የልጁ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የወላጆች ሙሉ ስም፣ የመዝጋቢው ፊርማ፣ ማኅተም፣ እንዲሁም ልጁ በተወለደ በአንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገበበት ቀን ያለበትን ነው። አጭሩን ገዝቶ ተመልሶ ረጅሙን የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮም እንዲሁ፦ ፎቶ ኮፒ አይቀበልም፣ ኖተሪ ማኅተም የተመታበትን ፎቶ ኮፒም አይቀበልም። ሕጋዊ ኮፒ የሚባለው ራሱ መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት ማኅተሙን አድርጎ የሰጠው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። ሞት።

ሐዘን ላይ ስለ ዶላር ማውራት ይከብዳል፤ ቤተሰቡ ለቅሶ ተቀምጧል፣ ድንኳኑ ሳይነሳ የቀብር አስፈፃሚው ደውሎ «ስንት ኮፒ ላውጣ?» ይላል። የሞት ሰርተፍኬቱን ብዙውን ጊዜ የሚያስመዘግበውም የመጀመሪያዎቹን ኮፒዎች የሚያዝዘውም እሱ ነው። ሟቹ መሞታቸውንም ለሶሻል ሴኩሪቲ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳውቀው እሱው ነው። ጥያቄው ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለው ሰው «አሥር በለው» ይላል፤ ወይም «አንድ ይበቃል» ይላል። ሁለቱም ቁጥር የተገኘው ከአየር ላይ ነው።

መጀመሪያ ስቴቱ እንዴት እንደሚያስከፍል እዩ። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ኮፒ ያስወድድና በዚያው ትእዛዝ የሚጨመረውን ያረክሰዋል። ቴክሳስ የሞት ሰርተፍኬት የመጀመሪያው 20 ዶላር ነው፣ አብሮ የታዘዘ እያንዳንዱ ተጨማሪ 3 ዶላር ብቻ። አሥር ኮፒ በአንድ ጊዜ ብታዝዙ 47 ዶላር ይመጣል፤ እያንዳንዱን በየጊዜው ለየብቻ ብታዝዙ 200 ዶላር። ሚኒሶታ መጀመሪያው 13፣ ተጨማሪው 6 ነው፤ ጆርጂያ 25 እና 5፤ ፍሎሪዳ 5 እና 4። እዚህ ስቴቶች ውስጥ ከሆናችሁ በአንድ ጊዜ በርከት አድርጋችሁ አውጡ። ቨርጂኒያና ኒውዮርክ ከተማ ግን አሥረኛውም ኮፒ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ቨርጂኒያ አሥር ማለት 120 ዶላር፣ ኒውዮርክ ከተማ 150። እዚያ አብዝቶ ማዘዝ ምንም አያተርፍም። አራት አምስት አውጥታችሁ ጀምሩና ሲጎድል ጨምሩ።

ከዚያ ማን ዋናውን ወስዶ እንደሚያስቀር ቁጠሩ። የሕይወት ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ያስቀራል። ጡረታና ፎር ኦ ዋን ኬይ የሚባለውን በሥራ ቦታ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ የሚያስተዳድሩትም እንዲሁ። ባንክ ብዙ ጊዜ አይቶ፣ ስካን አድርጎ ይመልሳል፤ ቅርንጫፍ በአካል ሂዱና «መልሱልኝ» በሉ። ስልክና መብራት ድርጅት ፎቶ ኮፒ ይበቃዋል። ቤት ወይም መኪና በስማቸው ከነበረ ለያንዳንዱ አንድ ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት፣ ይዞታ ወይም የባንክ ሒሳብ ካለ ደግሞ ለአገር ቤት የሚሆን አንድ ለብቻው አስቀምጡ፤ እሱ የተለየ መንገድ ይጠብቀዋል፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የሞቱ ምክንያት ካልተወሰነ፣ ማለትም አስከሬኑ ለምርመራ ሄዶ ውጤት እየተጠበቀ ከሆነ፣ ሰርተፍኬቱ ላይ «ምክንያቱ ገና በምርመራ ላይ» የሚል ይጻፋል። አስከሬኑን ለመቅበርና አንዳንድ አስቸኳይ ነገር ለመጨረስ ይህ ይበቃል፤ ኢንሹራንሱ ግን የመጨረሻውን ካላየ ላይከፍል ይችላል። እንዲህ ሲሆን አንድ ሁለት ብቻ አውጡ፤ የቀረውን ምክንያቱ ከተሞላ በኋላ እዘዙ። ይህን ሳያውቁ አሥር ገዝተው አሥሩም የማያገለግል የሆነባቸውን ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ማንም ቀድሞ አልነገራቸውም። ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ ምክንያቱ የተጻፈበትና ያልተጻፈበት ሁለት ዓይነት አለ። ምክንያት የሌለበትን ማንም ሊያወጣ ይችላል፤ ምክንያት ያለበት ለቅርብ ቤተሰብና ሕጋዊ ጥቅም ላለው ነው። ኢንሹራንሱ የሚፈልገው የትኛውን እንደሆነ ሳትጠይቁ አትዘዙ። እድራችሁ የቀብሩን ወጪ የሚሸፍን ከሆነ የኮፒውንም ደረሰኝ ያዙ፤ ብዙ ሰው ይህን ከኪሱ ከፍሎ ዝም ይላል።

ጋብቻና ፍቺ በአጭሩ። የጋብቻ ላይሰንስ ለመጋባት የሚሰጥ ፈቃድ ነው፣ ሰርተፍኬቱ ደግሞ መጋባታችሁን የሚመሰክር ነው፤ ግሪን ካርድ ስታመለክቱ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ላይሰንሱን የሰጣችሁ ቢሮ ዘንድ ሂዱ። ሜሪላንድ የካውንቲው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው፣ ዲሲ ሱፒሪየር ፍርድ ቤት ያለው የጋብቻ ቢሮ ነው፣ ቨርጂኒያ ሰርኪዩት ፍርድ ቤቱም የጤና መሥሪያ ቤቱም ይሰጣሉ። ለፍቺ ደግሞ ከስቴቱ የጤና ቢሮ የሚገኘው አጭር ሰርተፍኬት፣ መፋታታችሁንና ቀኑን ብቻ የሚናገር ነው። ዳኛ የፈረመበት ሙሉ ውሳኔ ያለው ፍርድ ቤቱ ዘንድ ነው። ኢሚግሬሽን፣ ባንክ፣ የልጅ ማሳደጊያ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን ነው የሚጠይቁት፤ ርካሹን ገዝታችሁ እንዳትመለሱ።

ልጃችሁ አሜሪካዊ ሆኖ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ውጭ አገር ተወልዶ በኤምባሲ ከተመዘገበ የትኛውም ስቴት መዝገቡ የለውም። ያ ወረቀት የሚገኘው ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው፤ ምትክ ኮፒው 50 ዶላር ነው፣ ማመልከቻውም ኖተሪ ፊት መፈረም አለበት። ለዚህ ልጅ ከስቴት የምትጠብቁት ነገር የለም።

አሁን አገር ቤት ስለሚሄደው። አፖስቲል የሚባለውን፣ ሰነድ ውጭ አገር እንዲያገለግል የሚደረግለትን ማረጋገጫ፣ ብዙ ሰው ሰምቷል፤ የአፖስቲል ስምምነት አባል ለሆኑ አገሮች በአንድ ማኅተም ያልቃል። ለኢትዮጵያ የሚሠራው መንገድ ረዘም ይላል። መጀመሪያ አዲስ የወጣ ሕጋዊ ኮፒ ትይዛላችሁ። ኮፒውን ያወጣው ስቴት ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ የመዝጋቢውን ፊርማ ያረጋግጣል። ቀጥሎ የፌዴራሉ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የስቴቱን ማኅተም ያረጋግጣል፤ ለአንድ ሰነድ 20 ዶላር። ከዚያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የፌዴራሉን ያረጋግጣል፣ የራሱን ክፍያ ያስከፍላል። ኒውዮርክ ከተማ ላይ የወጣ ከሆነ ከስቴቱ በፊት አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለ፦ የካውንቲ ክለርክ 3 ዶላር፣ ከዚያ የስቴቱ 10 ዶላር። ስለዚህ የ15 ዶላሯ ወረቀት ኤምባሲው በር ስትደርስ 48 ዶላር ሆናለች፤ ፖስታው አልተቆጠረም። በዚህ መንገድ የሚሄደውን አንድ ኮፒ ለሌላ ጉዳይ አትጠቀሙበት፤ ከጀርባው የሚለጠፈውንም ወረቀት ስካን ለማድረግ ብላችሁ ስቴፕሉን አትንቀሉ። ከተነቀለ የተነካካ ሰነድ ነው ተብሎ ሊመለስባችሁ ይችላል።

የመክፈል አቅም የሌለው ሰው መጠየቅ አለበት። ካሊፎርኒያ ቤት አልባ ለሆነ ሰው የልደት ሰርተፍኬት በነፃ ትሰጣለች። ብዙ ስቴቶች ደግሞ የቀድሞ ወታደር ጥቅማጥቅም ለማመልከት የሚወጣን ኮፒ አያስከፍሉም። ፎርሙ ላይ በትንሽ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ቆጣሪ ላይ ያለው ሠራተኛ ሳትጠይቁ አይነግራችሁም።

ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ፣ ቆጣሪው ላይ ከሆነ ሳትንቀሳቀሱ፣ በፖስታ ከሆነ በዚያው ቀን፣ እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ከፓስፖርታችሁ ጋር አመሳክሩ። የቢሮው የራሱ ስሕተት ከሆነ ወዲያው ስታሳዩአቸው ያለ ክፍያ ሊያስተካክሉላችሁ ይችላሉ፤ ስትዘገዩ ማን እንደተሳሳተ ማስረዳት ይከብዳል። ፕላስቲክ አታልብሱት፤ የታሸገ ሰርተፍኬት ማኅተሙ በጣት ስለማይዳሰስ የማይቀበሉት ቢሮዎች አሉ። ኮፒዎቹን ሁሉ አንድ ቦታ አታስቀምጡ፤ አንዱን ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ዘንድ አስቀምጡ።